የደረቀ እጅ ፍለጋ

ቅዳሜ ነው፣ ጥር ወር ውስጥ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሟ ጨንቻ ከአንድ ሸማኔ ቤት ደረሰች፤ ሸማኔውም እጇን ጥብቅ አድርገው ጨበጧት። ጉዞው የከሸፈው እዚያው በሩ ላይ ነበር።

ሐኪሟ አርባ ምንጭ የምትሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት። በምትሠራበት ሆስፒታል የመገጣጠሚያ በሽታ ልዩ ሐኪም ስለሌለ፣ ጉልበቱም ጣቱም ያበጠ ሁሉ ወደ እሷ ይላካል። ሸማኔው ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው ይደርቁባቸዋል። ነገር ግን ከጨንቻ ቁልቁል ወርደው፣ የቆላውን ሙቀት አግኝተው፣ ወረፋ ጠብቀው ፊት ለፊቷ ሲቀመጡ ጣቶቹ ይፈታሉ። የደም ምርመራውም ቁርጥ ያለ ነገር አላሳየም። ያሰበችው መድኃኒት ደግሞ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል በግምት አይጀመርም። የልጃቸው ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የጀመሩላት ጋቢ ግማሽ ላይ ቆሟል። ስለዚህ እጃቸውን በማለዳ ልታየው ወጣች። እኔም ስለ ሥራዋ እየጻፍኩ ስለነበር ተከተልኳት።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጣትዎ አልደረቀም?»

«ደርቆ ነበር። ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬው ነው የተፈታው።»

«ለምን?»

የመለሱት ባለቤታቸው ናቸው። «እንግዳ በደረቀ እጅ ይጨበጣል እንዴ? ያውም ዶክተር። ውኃውን ያሞቅኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እትዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ያንን የደረቀውን እጅ ፍለጋ ነው። ነገ እመለሳለሁ። ውኃ የለም፣ እሳት የለም።»

«ታዲያ በምን ልጨብጥሽ?» አሉ ሸማኔው የምራቸውን።

«አይጨብጡኝ።»

«እሱስ አይሆንም።»

«ጎረቤት ከሰማ የሚያማው እኔን ነው» አሉ ባለቤታቸው።

እዚያው ጨንቻ አደርን። እሑድ በዚያው ሰዓት ስንደርስ ሸማኔው ጣታቸውን አጥፈው፣ እጁን ጭቃ እንደነካው ሰው አንጓቸውን ዘረጉላት። አንጓውን ጨበጠች፤ ሳትለቅ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አየች። ሌባ ጣታቸውና መሐል ጣታቸው ከሥራቸው አብጠዋል። የሽመና መወርወሪያውን እንዲይዙ ጠየቀቻቸው፤ ወደቀ። አነሳችላቸው፤ ደግሞ ወደቀ።

«አሁን ገና እንግዳ ተቀበሉኝ» አለች።

«እንግዲህ ውኃውን ላሙቅ?» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

ሸማኔው መድኃኒቱን በዚያው ሳምንት ጀመሩ፤ ለደም ክትትልም አርባ ምንጭ ይወርዱ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው። ጋቢው ከሰርጉ በፊት በነበረው ሐሙስ አልቋል።