ጋሽ ምሰሶ ቤት መብራት ሲመጣ

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ምሰሶ ይለዋል። ቁመቱ ሎጋ ነው፤ ዕድሜውንም የፈጀው ምሰሶ ላይ ወጥቶ የመብራት ሽቦ ሲቀጥል ነው። ሚስቱ «እኔ ያገባሁት ሰው ሳይሆን አሞራ ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር። ሄሊኮፕተሩ ከወደቀ ወዲህ ግን ይህን ቀልድ እርግፍ አድርጋ ተወችው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ሸለቆውን ይዞ ዝቅ ብሎ ሲበር፣ ከጋራ እስከ ጋራ የተዘረጋውን ሽቦ በጠሰና ተከሰከሰ። ሽቦ ከሩቅ አይታይም፤ አብራሪ የሚያየው ምሰሶውን ነው፤ ምሰሶውን ደግሞ ዛፍ ውጦታል። የከተማው መብራት ድርግም አለ፤ ጋሽ ምሰሶም ተጠርቶ ሄደ። እሱ ላይ ሆኖ ሽቦ ሲቀጥል፣ ከሥሩ ወታደሮች የሞቱ ጓደኞቻቸውን በቃሬዛ ያወጣሉ። የመብራት ኃይል አለቃው ደግሞ «ቶሎ በል እንጂ፣ ከተማው ሊመሽበት ነው!» እያለ ይነዘንዘዋል። አይ አለቃ!

ጀንበር ስትጠልቅ መብራቱ ተለቀቀ። ወዲያው ከከተማው የተነሳ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት፣ ፉጨትና ጭብጨባ ሸለቆውን ሞላው። ቃሬዛ የተሸከሙት ወታደሮች ባሉበት ቀጥ አሉ። ቀና ብለው ምሰሶው ላይ ያለውን ሰው አዩት። 

ዛሬም መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ያብዳል። እሱ ቤት ግን ሚስቱ ልጆቹን አስጠንቅቃለች፤ አባታቸው ይረበሻልና ትንፍሽ አይሉም። አምፖሉ ቦግ ሲል ባሉበት ቀጥ ይሉና ቀና ብለው አባታቸውን ያዩታል።

ወታደሮቹም ያዩት ልክ እንዲሁ ነበር።