ፀደንያ እና የባሕር ጃርቱ

ፀደንያ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሠፈር ባለች አንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት ስትቆርጥ ስድስት ዓመቷ ነው። ቢሮዋ ከመጥበቧ የተነሳ ደንበኛ ሲያስነጥስ ፊቷን የምትጠርገው እሷ ናት። የናይሮቢን ሀበሻ በሙሉ ወደየአገሩ ሸኝታለች፤ እሷ ግን ባሕርን ከግድግዳ ካላንደር በቀር የትም አላየችውም። ዘንድሮ አለቃዋን ከሊድን ለምና ለምና የራሷን ጉዞ አስፈቀደች፤ ሀበሾችን ሰብስባ በኬንያ ጠረፍ ዋታሙ ወዳለው የባሕር ፓርክ፣ ሁለት ቀን። አንድ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ፣ አሥራ አራት ወንበር።

«እስከ ዓርብ ካልሞላ ይቀራል፤ ሁለተኛም እንዳታነሺብኝ» አላት።

ሰኞ ሞላ። ማክሰኞ የፓርኩን የጎብኚዎች ማስጠንቀቂያ ወደ አማርኛ መለሰችው፤ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። አማርኛችን የደጋ ሰው ነው፤ የባሕር ፍጥረት ስም ጥራ ሲሉት «ዓሣ» ይልና ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሷም እንግሊዝኛውን እያየች የባሕር ላም፣ የባሕር ፈረስ፣ የባሕር ኪያር እያለች ስታወርደው፣ ወረቀቱ ጎርፍ የወሰደው የገበሬ ንብረት ዝርዝር መሰለ። መጨረሻው ላይ «የባሕር ጃርት እንዳትረግጡ!» ብላ ለተመዘገቡት ሁሉ በዋትሳፕ ለቀቀችው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባለ ምግብ ቤቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደወሉ።

«ፀዲዬ፣ ይሄ ጃርት እሾሁን ይወነጭፋል?»

«ኧረ እትዬ ጥሩ፣ ካልረገጡት አይነካም!»

«ያገር ቤቱ እኮ ሳይረግጡትም ይወነጭፋል! እኔ ከነልጆቼ ቀርቻለሁ።» አምስት ወንበር ሄደ።

በርበሬ ነጋዴው አቶ ዓለሙ በአካል መጡ።

«የምንሄደው በፍልሰታ ነው። ይቺ የባሕር ላም ዓሣ ናት ላም?»

«ልናያት ነው እንጂ ልንበላት ነው እንዴ?»

«ለማንኛውም የንስሐ አባቴን ልጠይቅ።» ሁለት ወንበር።

መልእክቱን አጠፋችው፤ ባሰ። የጠፋ መልእክት ማን አይጠረጥርም? ረቡዕ ማታ የጃርቱ ወሬ ከከተማው ማዶ ጊጊሪ ሠፈር ሲደርስ ጃርቱ በሬ አክሎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ዝርዝሩ ላይ የተረፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ፀደንያ ጥፍሯን ጨርሳ ወደ እስክሪብቶው ገባች። በመጨረሻ ስልኳን አንስታ ድምጿን ቀድታ ለሁሉም ላከች፦

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሎሚ የሚያህል እሾሃም ነገር ነው፤ አይወነጭፍም ይላል ወረቀቱ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሰው ስሸኝ ኖርኩ፤ አንድ ቀን አብሬ ልሂድ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወዲያው ደወሉ።

«አንቺም አላየሽውም እንዴ? እኔ እኮ ለምደሽው፣ እኛን አስገብተሽ ዳር ቆመሽ ልትስቂ መስሎኝ!»

«ማርያምን አላየሁም።»

«እንግዲያው አብረን እንፈራለን፤ መልሰሽ መዝግቢን። ግን መጀመሪያ አንቺ ትገቢያለሽ፤ ጃርቱ ምን እንደሚል አይተን እንከተላለን።»

«እሺ» ከአፏ አመለጣት። «ፀዲ ቀድማ ልትገባ ነው» የሚለው ወሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዌስትላንድስ ሠፈር ደረሰ፤ ባሕሩን ሳይሆን እሷን ሊያይ ሰው ተመዘገበ።

«ሞላ?» አላት ከሊድ ዓርብ ጠዋት።

«ሞላ» አለች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ውኃው ግን… እስከ ጉልበት ነው እስከ አንገት?»