መቻልን የሸኘሁበት ነሐሴ

ባለፈው ሳምንት ሰበታ ታክሲ ስጠብቅ ጎሚስታው በር ላይ የተጋደመ ያረጀ ውሻ አየሁ። ሊነሳ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ የኋላ እግሮቹ እምቢ አሉት። ታክሲው መጣ፤ ሳልገባ አለፈኝ።

እኛም ቤት መቻል የሚባል ውሻ ነበር። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወጥተን ቡራዩ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። መቻልን ከቡችላነቱ ያሳደገው ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ነው። ሰለሞን ሥራ ፍለጋ ሱዳን ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ ደብዳቤ እንኳ አይልክም። ሲሰናበት እናቴን «እስክመጣ መቻልን አደራ» ብሏት ነበር። እሷም ቃሉን አጥብቃ ያዘች። ውሻው እስካለ ልጇም ያለ ይመስላት ነበር።

በዚያ ነሐሴ መቻል መነሳት አቃተው። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ደጁ ጭቃ ነው፤ ሦስታችንም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነን። የገብስ አጥሚት በማንኪያ ስሰጠው ግማሹ በአገጩ ይፈሳል። ከመተኛት ብዛት ያወጣውን ቁስል ሳጥብለት ሊነክሰኝ አፉን ይከፍትና መልሶ እጄን ይልሰኛል። የቁስሉ ሽታ ከልብሴ አይለቅም። ከተማ ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር፤ ግን እሱን ማን ያገላብጠዋል? ቀረሁ። አንዳንዴ በሩን ከፍቼ መንገዱን አይና መልሼ እዘጋዋለሁ።

ጎረቤታችን ኦቦ ለታ በጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ነበሩ። አንድ ቀን አጎንብሰው ዳሰሱትና ወደ እናቴ ቀና አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እንስሳ እየተሰቃየ ነው። መርፌው አለኝ። እሺ ካሉኝ ሳያመው ያርፋል።»

«ባለቤቱ ሲመጣ ይወስናል» አለች እናቴ። «ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳያነሱብኝ።»

እሁድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መቻል ማቃሰት ጀመረ። ጆሮዬን ያዝኩ። አልቻልኩም፤ በጭቃው ሮጬ ኦቦ ለታ ቤት ደረስኩ።

«እማዬ እሺ ብላለች።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ብላለች፣ ኢንተለ ኮ?»

«አዎ።»

ልጄ ብለው ሲጠሩኝ መዋሸቴ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ቦርሳቸውን ይዘው መጡ። የመቻልን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ «ሰለሞን ሰላም ብሎሃል» አልኩት፤ ይህም ውሸት ነው። መርፌው ገባ። ትንፋሹ እየሳሳ ሳለ በሩ ተከፈተ።

እናቴ ናት። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። የምሸሽበት ቦታ አልነበረኝም፤ ያለን በር እሷ የቆመችበት ብቻ ነው። መርፌውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተንበረከከችና እጇን ግንባሩ ላይ አሳረፈች፤ ትንፋሹ እስኪቆም አላነሳችም።

«ጥልቅ አድርገሽ ቆፍሪ፤ ጅብ እንዳያወጣው» አለችኝ።

ሰለሞን ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። እናቴ አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ እሱ ግቢውን በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

«መቻልስ?»

ሻንጣውን ተቀበልኩት።

«እኔ ነኝ ያስወጋሁት» አለች እናቴ። «ታሞ ነበር።»

ቀስ ብሎ ከእቅፏ ወጣ። «አደራ ብዬሽ አልነበር?» አላት። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አንድ ገበታ እየቀረቡ የልብ ወሬ አላወሩም። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ እጎርስ ነበር።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ሰለሞን ዛሬ ሱሉልታ ነው የሚኖረው፤ በበዓል እንገናኛለን። ስለ መቻል ሲነሳ አሁንም «እናታችን ጨከነችበት» ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ከዚያች ክፍል ድሮ የወጣሁ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን በእኔ ፈንታ ጨካኝ ተብላ ኖራ ሄደች፤ እኔም ዝም ባልኩ ቁጥር እንደገና አስከስሳታለሁ።