የእናቴ ሰዓት ሲደመር ስድስት

በዚያ ዓመት እስራኤል አገር፣ ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ስምንተኛ ክፍልን ላልጨረስን አዋቂዎች የሒሳብ ትምህርት ይሰጥ ነበር። እኔ አገር ቤት ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሒሳቡስ ባልከፋ፤ የሚያስፈራኝ ሰሌዳው ነው። ስሜ ሲጠራ ከጠረጴዛ ሥር የወደቀ እርሳስ እፈልጋለሁ። ያልወደቀ እርሳስ።

የአገሩ ተወላጅ የሆነችው አስተማሪያችን ሳትነቃብኝ አልቀረችም። አንድ ቀን እኔን እያየች «በሚቀጥለው ሳምንት ሁላችሁም ከቤታችሁ ኑሮ አንድ እኩልዮሽ ታመጣላችሁ። ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ፣ መስመሩን ስላችሁ ታስረዳላችሁ። ያልወጣ ወደ ጀማሪዎቹ ይወርዳል» አለች። ጀማሪዎቹ ገና ቁጥር መጻፍ ይለማመዱ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለእናቴ ሐኪም ቤት የስምንት ሰዓት ቀጠሮ ተሰጣት። እሷም እንደ አገሯ ስምንት ሰዓት ምሳዋን በልታ ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው «ጧት ነበር» ብሎ መለሳት።

«በዕብራይስጥ ሽሞኔ ማለት ስምንት አይደለም?» አለችኝ ተቆጥታ። «ጧት ስምንት ሰዓት አለ እንዴ?»

«እማዬ፣ በኛ ሰዓት ላይ ስድስት ጨምሪበት። የኛ ሁለት የነሱ ስምንት ነው።»

«እኔ ለምን እጨምራለሁ? እነሱ ይቀንሱ!»

እኩልዮሼን አገኘሁ።

ተራዬ ሲደርስ ጠመኔውን ይዤ ወጣሁ። «ኢክስ የእናቴ ሰዓት ነው፤ ዋይ የሐኪም ቤቱ። ዋይ እኩል ይሆናል ኢክስ ሲደመር ስድስት» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማኝ ድምፅ።

ከፊት የሚቀመጡ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ። «ምነው ልጄ፣ ዋይ ዋይ አበዛሽ፤ ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነጥቦቼን አስቀመጥኩ፤ ሁለት ላይ ስምንት፣ ሦስት ላይ ዘጠኝ፣ አራት ላይ አሥር። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አስተማሪዋ ግራ ገብቷት «እናትሽ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ታረፍዳለች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እፍረቴ የት እንደገባ አላውቅም። «እናቴ አርፍዳ አታውቅም!» ብዬ ጮኽኩ። «ኢክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ ስድስት ነው፤ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ያኔ ነው። እናንተ እኩለ ሌሊት ላይ ትጀምራላችሁ። ሰው ተኝቶ ይቆጥራል?»

«ሰባት ላይስ?» አሉ ሽማግሌው። «ሰባትና ስድስት አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት ሰዓት የት አገር አለ?»

«አውቶቡስ ጣቢያ 13:00 ተብሎ ተጽፏል፣ ጋሼ። ሄደው ይዩት» አልኩና መስመሬን ወደ ላይ ቀጠልኩ።

«በጣም ጥሩ፤ እዚሁ ትቆያለሽ። ተቀመጪ» አለች አስተማሪዋ።

እኔ ግን የማታው ሰዓት ገና ቀርቶኝ ነበር። ለእሱ ሁለተኛ መስመር ማስመር ስጀምር ሽማግሌው ወለሉን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ልጄ፣ አለፍሽ ተባልሽ እኮ! ውረጂልን፤ እኔም ያመጣሁት አለኝ!»