ታሚን በበረዶ ላይ ጥሎ የሄደው ቧንቧ ሠራተኛ

ዱዌይን ፔልኪ በቶሮንቶ ምሥራቅ ሰፈሮች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ፣ ከሰው ጋር ተጋጭቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሆኖም አይቷቸው የማያውቅ ሴቶች አምርረው ይጠሉት ነበር። ጥፋቱን የሠራው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ እሱም ቢሆን የራሱ ጥፋት አይደለም።

ያን ጊዜ «የበርች ጎዳና ልጆች» የሚባል ድራማ በየሰኞ ማታው በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። አዘጋጆቹ ተዋንያን የሚመለምሉት ከየትምህርት ቤቱ ስለነበር፣ ፊቱን ብጉር የወረረው ዱዌይን ቬንስ የሚባለውን ልጅ ሆኖ እንዲጫወት ተመረጠ። ቬንስ በድራማው ውስጥ ታሚ የምትባለውን የክፍል ጓደኛውን አስረገዘ። ስትነግረው ጊዜ «እኔ አያገባኝም» ብሏት አውቶቡስ ላይ ዘሎ ወጣና በበረዶ ላይ ብቻዋን ጥሏት ሄደ። በቃ፤ ዱዌይን ከዚያ ወዲያ ትወና የሚባል ነገር አልነካም። ድራማው ግን አልሞት አለ። በድጋሚ ታየ፣ በካሴት ተባዛ፣ በኢንተርኔት ተለቀቀ፤ የታሚ እኩዮች የልጅ ልጅ ሲያዩ እንኳ ቂማቸውን አልረሱም።

ባለፈው የካቲት፣ ሎሬይን ሃቻርድ የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቧንቧዋ በብርድ ፈንድቶ ስልክ ደወለች። ዱዌይን ሲደርስ በሩን በርግዳ ከፈተችለት።

«ይግቡ፣ ይግቡ! እግዜር ይስጥዎት! ምድር ቤቱ ባሕር ሆኖልዎታል!»

ዱዌይን ኮፍያውን አወለቀ። ሎሬይን ትክ ብላ አየችው።

«ቆይ እስቲ… አንተ ቬንስ አይደለህም?»

አክብሮቱ የት እንደገባ አልታወቀም።

«እመቤት፣ ውሃው እኮ…»

«ውሃው ይቆይ! ታሚ በዚያ ብርድ ስትቀር ማን ቆየላት?»

«ብርድ አልነበረም፤ የተቀረጸው በሐምሌ፣ በቶሮንቶ ሙቀት ነው። በረዶው የሳሙና አረፋ ነው። ታሚም ቀረጻው እንዳለቀ ሳንድዊቿን ነው የገመጠችው።»

«አትዋሽ!»

«እኔ የጻፉልኝን ነው ያልኩት።»

«እምቢ አትልም ነበር?»

«አሥራ አምስት ዓመቴ እኮ ነበር!»

«ታሚስ ስንት ዓመቷ ነበር?»

ዱዌይን መፍቻውን አንሥቶ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ሎሬይንም ተከትላው ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ከውሃው ሰብስባ ወሬዋን ቀጠለች። «እናቴ ስለዚህ ዓይነት ነገር ትንፍሽ አትልም ነበር። እኔና እህቴ መጀመሪያ ያወራነው ያንን ክፍል ባየንበት ማታ ነው። የሌላው ድራማ ተማሪ ሁሉ ጢሙን ተላጭቶ የሚመጣ ጎልማሳ ነበር። እናንተ ግን እኛን ነበር የምትመስሉት፤ የተንዘረፈፈው ሹራባችሁ ሳይቀር።»

ዱዌይን ብሎኑን እያጠበቀ፣ «ከዚያ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ስበላ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አልነበረችም» አላት።

«የእጅህን ነው ያገኘኸው!» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ቅዳሜ ከሰዓት የድራማው ወዳጆች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንሰበሰባለን። መጥተህ ይቅርታ ጠይቅ።»

ይህን ለሚስቱ ለኮሌት ሲነግራት አላስጨረሰችውም። «ትሄዳለህ! እኔም እመጣለሁ፤ ሲሰድቡህ ሳላይ ብቀር ይቆጨኛል።»

ቅዳሜ ዱዌይን አዳራሹን ሲረግጥ አርባ የሚሆኑ ሴቶች ዶናታቸውን ይዘው «ው-ው-ው!» እያሉ በተቃውሞ ጩኸት ተቀበሉት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስለ ታሚ… ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«አልሰማንም!» አለች አንዲት ከኋላ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ!»

መብራቱን አጥፍተው ያንን የድራማ ክፍል ከፈቱ። ዱዌይን አይቶት አያውቅም፤ በተላለፈ ዕለት አባቱ «እርግዝና» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቴሌቪዥኑን ነቅለውት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማየቱን ራሱ አፍሮ ተወው። አሁን ብጉራም ልጅ ትከሻውን ሲነቀንቅ አየ። ልጅቷ ትንሽ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ስትቀር፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አየ። ሳያስበው ከወንበሩ ተነሥቶ በቬንስ ላይ ጮኸ።

«አንተ ባለጌ! ተመለስ እንጂ!»

የአዳራሹ ሳቅ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ኮሌት በሳቅ እየተንፈራፈረች መሐረብ አቀበለችው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበርና። ሎሬይን የዶናቱን ሳህን ወደ እሱ ገፋችለት።

ከዚያ ወዲህ ዱዌይን ከስብሰባው ቀርቶ አያውቅም። ከፊት ይቀመጥና ገና ቬንስ ብቅ ሲል ከሁሉ በላይ ጮሆ ይሳደባል። ኮሌትም እጅጌውን እየጎተተች፣ «ቀስ በል እንጂ ሰውዬ፣ ደም ግፊት አለብህ!» ትለዋለች።