ሲገለበጥ «ነበር» የሚሆነው ቃል

ወርቅቱ ነገሳ ዓይኗን ያጣችው በልጅነቷ፣ ኩፍኝ ሰፈሩን ሲያዳርስ ነው። ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች፤ ኋላም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች። እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከደቡብ ለመጡ ሠራተኞች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ታስተምር ነበር።

ብሬል ሲጻፍ ወረቀቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይበሳል፤ ሲነበብ ይገለበጥና ከግራ ወደ ቀኝ ይዳሰሳል። ቃልን ከጭራው ማንበብ የለመደችውም ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ተማሪዎቿንም በዚህ ጨዋታ ያዘቻቸው።

«ናው አሁን ነው። ፊደሎቹን ከኋላ ጀምሩ፤ ዎን፣ አሸነፈ ይሆናል። ሊቭ መኖር ነው፤ ሲገለበጥ ኢቭል፣ ክፋት።»

ከሆሳዕና የመጣው አናጺ ሀሰኖ አንድ እሁድ ጠየቀ።

«ቲቸር፣ ሶው መጋዝ ነው አይደል? እኔ ቀኑን ሙሉ የምይዘው?»

«አየሁ ማለትም ነው። ሲገለበጥስ?»

ፊደሎቹን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፋቸው። «ዋዝ። ነበር።» ጣቱን ከጠረጴዛው አነሳና፣ «እንግዲያ ያየሁት ሁሉ ነበር ሊሆን ነው?»

ወርቅቱ ሳቀች፤ ጥያቄው ግን ቤቷ ድረስ ተከተላት። ከዚያ እሁድ ጀምሮ እስከ ደጃፏ የሚሸኛት ሀሰኖ ሆነ። «ቲቸር» ማለቱ ቀርቶ «ወርቄ» አላት። የትኩስ እንጨት ሽታው ገና ከመታጠፊያው ይደርሳት ነበር።

ዘመኑ ግን የፍቅር አልነበረም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊበላ ነው ተብሎ የተነሳው ቁጣ፣ ፕላኑ ቀረ ከተባለ በኋላም አልበረደም። በ2009 መስከረም መጨረሻ ላይ ሰበታ በጭስ ታፈነች። ሀሰኖ የሚሠራበት እንጨት ቤትም ተቃጠለ። እያለከለከ መጥቶ እነወርቅቱ ደጃፍ ቆመ። አባቷ ኦቦ ነገሳ፣ የገዛ ማሳቸው ጉዳይ እንቅልፍ የነሳቸው ሰው፣ በሩን ከፈቱለት።

«ኮቱ!» አሉት በኦሮምኛ። «ና፣ ግባ ልጄ። እኔ ቤት ማንም አይነካህም።»

መንገዱ እስኪከፈት እነሱ ዘንድ ተቀመጠ። ወደ ሆሳዕና ሲመለስ እጇን ይዞ፣ «ሥራ እንዳገኘሁ እደውልልሻለሁ» አላት።

አልደወለም። እሷ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። በጋው አለፈ፤ ክረምቱም አለፈ። አዲስ ዓመት ሲገባ ወርቅቱ በትሯን ይዛ፣ ከዚያ በፊት ብቻዋን ሄዳበት በማታውቀው መንገድ ሆሳዕና ወረደች። እየጠየቀች እናቱ ቤት ደረሰች።

«ወርቄ ነሽ?» አሉ እናቱ ገና ከደጅ ሲያዩዋት። «ስምሽን እያነሳ ነው የከረመው።»

«የት ሄዶ ነው፣ እማማ?»

«ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከደላላ ጋር ወጣ። ባዶ እጄን ምን ብዬ እደውልላታለሁ ይል ነበር። ኬንያ ገብቻለሁ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።»

ያን ለት እሱ በሠራው አልጋ ላይ አስተኟት። ራስጌውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ በደንብ ተልጓል፤ አንድም ሻካራ ቦታ የለውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

አሁንም ሰበታ ታስተምራለች። እሁድ ከክፍል ስትወጣ እናቱ ጋ ትደውላለች።

«ደወለ እንዴ፣ እማማ?»

«አልደወለም፣ ልጄ። አንቺስ ጋ?»

«እኔም ጋ አልደወለም።»

ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ ያወራሉ። ስልኩን ቀድማ የምትዘጋ የለችም።