የአባቴ ድምፅ፣ በሳሎንና በስቱዲዮ

አባቴ መንዙማ መምራቱን ከመጪው መውሊድ ጀምሮ ለሌላ ሰው እንደሚለቁ ሲናገሩ ደነገጥኩ። ደሴ ውስጥ በእኛ ሰፈር እሳቸው ሲያዜሙ ያልሰማ የለም፤ ድምፃቸውን ቀድቶ ያስቀመጠ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ልጃቸው እንኳ ስልኬን ብፈትሸው የተቀዳው ሁሉ የሰርግ ጭፈራ ነው። ሳይረፍድ ልቅዳቸው ብዬ ተነሳሁ።

አንድ እሁድ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ቀዳኋቸው። ስልኩን ብርጭቆ አስደግፌ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ተቀባዮቹ፣ መሪው ያወጣውን ስንኝ አብረው የሚመልሱት አምስት ሽማግሌዎች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ድቤ መቺው ለስልኩ ከሁሉም ይቀርባል። ሲያልቅ ከፍቼ ብሰማው አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚያዜሙ ይመስላሉ፤ ድቤው በተመታ ቁጥር ድምፃቸው ይሰምጣል። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ተቀባዮቹ ናቸው። አባቴ ስንኙን ሳይጨርሱ ከአፋቸው ይነጥቋቸዋል፤ ያውም አንዴ ሳይሆን ሁልጊዜ። ስንት ዓመት አብረው አዚመው ትንሽ መታገስ ያቅታቸው እያልኩ ሚስቴን ስነዘንዛት ዋልኩ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛዬ ቅጂውን ሰምቶ ሳቀብኝ። “ቤታችሁ እኮ አብሮ እያዜመ ነው” አለኝ። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ይወረውረዋል። ሰው እዚያው ተቀምጦ ሲሰማ ጆሮው የሚፈልገውን ይመርጣል፤ ስልክ ግን ምርጫ አያውቅም፤ የቀረበውንና የጮኸውን ነው የሚያፍሰው። “አባትህን ብቻቸውን አምጣልኝ” አለ፤ “ተቀባዮቹን ሌላ ቀን ለብቻቸው ቀድተን እንደርብላቸዋለን።” ከእነዚያ ችኩሎች የሚገላግለኝ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ እኔና አባቴ በሚኒባስ ቁልቁል ወረድን። የመቅጃው ክፍል ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል፤ ድምፅ የሚመለስበት የለም። ማይኩ ከአባቴ አፍ አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው። የመጀመሪያውን ስንኝ አወጡና ቆሙ። ጓደኛዬ በመስታወቱ በኩል ይቀጥሉ ብሎ በእጁ አመለከታቸው።

“ማን ተቀበለኝና ነው የምቀጥለው?” አሉ።

ሁለታችንም ሳቅን። ተቀባዮቹ እንዳሉ አድርገው እንዲያስቡ ለመንናቸው። “እሺ፣ ቢስሚላህ” ብለው እንደገና ጀመሩ።

እኔም ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ትንፋሻቸው፣ ምራቃቸውን ሲውጡ ሳይቀር ይሰማል። የስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰነጠቀና ባዶ አየር ብቻ ወጣ። ጉንፋን ይሆናል አልኩ። ሁለተኛውም ስንኝ መጨረሻው ላይ እንደዚያው ሆነ፤ ሦስተኛውም። ተቀባዮቹ ይነጥቋቸዋል እያልኩ የተናደድኩበት ቦታ ላይ ነው፣ ልክ እዚያው ላይ።

ጓደኛዬ ዓይኑን ከመሣሪያው ላይ ሳያነሳ “ላቁመው እንዴ?” አለኝ። አፈርኩ። ያፈርኩት በእሳቸው አልነበረም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ጠየቅኳቸው። “አባዬ፣ ጉሮሮዎን ያመመዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ካለፈው መውሊድ በፊት ነው የጀመረኝ።”

“ተቀባዮቹ ያውቃሉ?”

“እኔም አልነገርኳቸው፣ እነሱም አልጠየቁኝ። ድምፄ ሊሰበር ሲል ይደርሱልኛል። አላህ ኸይራቸውን ይክፈላቸው።”

ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎት አልኩ። እሳቸው ግን፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ “እቤቴ ውስጥ ነው የምትኖረው” አሉኝ። “ድምፄ ደህና በነበረ ጊዜ አንድ ቀን መጥተህ አልተቀበልከኝም። አሁን ልተወው ስል ነው የፈለግኸው።”

እውነታቸውን ነው።